የጸረ-ቫይረስ ቤታ ጭናችሁ ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍ፦ ችግርና መፍትሄ

ነፃ ጸረ-ቫይረስ አዲስ ቤታ፣ ማለትም ገና በሙከራ ላይ ያለ ሥሪት፣ ባወጣ ቁጥር ላፕቶፕ ይዞብኝ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ዊንዶውስ መታደሱን፣ ዲስኩ አለመሙላቱን፣ አንዴ ሪስታርት መደረጉን አይታችኋል ብዬ ልነሳ።

ችግር፦ ማሽኑ ይንቀራፈፋል፣ ፋይል ሲከፈት ይደርቃል፣ አንዳንዴም ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል

መንስኤው ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ አንድ ነው። አሮጌው ጸረ-ቫይረስ ከማሽኑ አልወጣም።

ጸረ-ቫይረስ እንደ ሌላው ፕሮግራም አይደለም። ፋይል በተከፈተ ቁጥር መሃል ገብቶ የሚፈትሽ ድራይቨር ዊንዶውስ እምብርት ውስጥ ይተክላል። ሁለት ሲሆኑ አንዱ የነካውን ሌላው እንደገና ይፈትሻል። ማሽኑ ሥራው እርስ በርስ መፈታተሽ ብቻ ይሆናል። እዚያ ውስጥ ያለ ድራይቨር ሲሳሳት ደግሞ ዊንዶውስ በሙሉ ነው የሚወድቀው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደህንነት ኩባንያ የላከው የተበላሸ ማሻሻያ፣ በማይክሮሶፍት ግምት፣ 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ማሽኖችን ጥሏል። ያ እንኳ ቤታ አልነበረም።

አንድ ልጅ ያመጣልኝ ላፕቶፕ ለመነሳት ሩብ ሰዓት ይፈጅበት ነበር። "አሮጌውን አጥፍቼዋለሁ" አለኝ። ያጠፋው ዴስክቶፑ ላይ ያለውን ምልክት ነው። እባካችሁ፣ ምልክት ማጥፋት ፕሮግራም ማውጣት አይደለም!

ሌላዋ ደግሞ በሥርዓቱ አንኢንስቶል አድርጋለች። የፕሮግራሞቹ ዝርዝር ውስጥ ምንም የለም። ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚን ከፍቼ ፋይል የሚፈትሹ ድራይቨሮችን የሚዘረዝረውን ኤፍኤልቲኤምሲ (fltmc) የሚለውን ትዕዛዝ ስሰጥ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ያወጣችው ጸረ-ቫይረስ ድራይቨር ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ከእኔ በፊት ያየላት ሰው "ፎርማት ይደረግ" ብሏት ነበር። ፎቶዋ ሁሉ እዚያው ላይ ነው፣ ባክአፕ የላትም። ምክንያቱን ሳይፈልግ ወደ ፎርማት የሚሮጥ ሰው በጣም ያናድደኛል።

መፍትሄው ይኸው። መጀመሪያ ቤታውን አውጡ። ከዚያ የአሮጌውን ማስወገጃ መሣሪያ ከራሱ ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዱ። አቫስትም፣ ካስፐርስኪም፣ ኢሴትም የየራሳቸው አላቸው። ከሌላ ቦታ አታውርዱ፤ ማስወገጃ መስሎ ቫይረስ ይዞ የሚመጣ ሞልቷል። ሺፍትን ይዛችሁ ሪስታርት በሉና ሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በጣም አስፈላጊዎቹን ነገሮች ብቻ ይዞ የሚነሳበት) ግቡ። ተጠንቀቁ፦ ዲስኩ በቢትሎከር፣ በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ፣ የተቆለፈ ከሆነ 48 አሃዝ ያለውን መክፈቻ ቁልፍ ሳትይዙ ይህን እንዳትጀምሩ። ከተጠየቃችሁና ከሌላችሁ ዲስኩ አይከፈትላችሁም። ማስወገጃውን እዚያ አስኪዱት፣ ሪስታርት አድርጉ፣ ያንን የኤፍኤልቲኤምሲ ትዕዛዝ ሰጥታችሁ እዩ። የአሮጌው ስም ከጠፋ ቤታውን ጫኑ።

አሮጌ ጸረ-ቫይረስ ሳይኖር ይህ ከመጣ ዲፌንደርን፣ የዊንዶውስን የራሱን ጸረ-ቫይረስ፣ እዩት። በዊንዶውስ 10 እና 11 ሌላ ጸረ-ቫይረስ ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ላይ ሲመዘገብ ዲፌንደር ራሱ ፈቀቅ ይላል። ቤታው ምዝገባውን ሳይጨርስ ከቀረ ግን ሁለቱም አብረው ይሠራሉ። ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ የቤታው ስም ከሌለ፣ አውጥታችሁ እንደገና ጫኑት። ዲፌንደርን ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ የውስጥ ቅንብር መዝገብ) ገብታችሁ በግድ አትዝጉት። ቤታ ጊዜ አለው። ያ ጊዜ ሲያልቅ ማሽኑ ያለ ጠባቂ ይቀራል፤ እናንተም አታውቁም።

ችግር፦ ጤነኛውን ፋይል ቫይረስ ነው ይላል

ቤታ ላይ የሚጠበቅ ነው። ያለቀለትም ይሳሳታል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የማካፊ ማሻሻያ የዊንዶውስ ኤክስፒን የራሱን ፋይል ቫይረስ ብሎ ኮምፒውተሮችን ደጋግሞ ሪስታርት ሲያስደርግ ነበር። ስለዚህ "አጥፋ" አትበሉ፣ ኳራንቲን ውስጥ፣ ጸረ-ቫይረሱ ተጠርጣሪ ፋይል ለይቶ በሚያስቀምጥበት ቦታ፣ ይቆይ። ፋይሉን ቫይረስቶታል ላይ አስፈትሹ፤ ብዙ ጸረ-ቫይረሶች አንድ ፋይል የሚፈትሹበት ድረ ገጽ ነው። አንድ ሁለት ብቻ ከጮኹ ምናልባት ስህተት ነው፤ ብዙዎቹ ከጮኹ ተዉት። የግል ሰነድ ግን እዚያ አትጫኑ፣ ሌሎች ሊያዩት ይችላሉ። ክራክ (የሚከፈልበትን ፕሮግራም ሳይከፍሉ የሚከፍት) ከሆነ ደግሞ "በስህተት ነው" ብላችሁ አትከራከሩኝ። አጥፉት።

ችግር፦ ብራውዘሩ በየድረ ገጹ የሰርተፍኬት ስህተት ያወጣል

ቤታው የኤችቲቲፒኤስ (የተመሰጠረ የድረ ገጽ ግንኙነት) ፍተሻ በራሱ ሰርተፍኬት ስለሚያደርግ ነው። ከቤታው ሴቲንግ ፍተሻውን ዝጉ።

ችግር፦ ቤታውን ካወጣችሁ በኋላ ኢንተርኔት የለም

ቤታው የተከለው የኔትወርክ ማጣሪያ አብሮት አልወጣም። ኔትወርክ ሪሴት አድርጉ። የዋይፋይ ፓስወርዱን ቀድማችሁ ጻፉ፣ ይጠፋል።

ችግር፦ ቤታው ዝም ብሏል፣ እየሠራ ይሁን አይሁን አይታወቅም

ለሙከራ ብላችሁ እውነተኛ ቫይረስ አታውርዱ። ይህን ያደረገ ሰው አጋጥሞኛል፣ ፋይሎቹ ተቆልፈው ነው የመጣው። ኢካር የሚባል ምንም የማይጎዳ የሙከራ ፋይል አለ፤ 68 ፊደልና ምልክት ብቻ ነው። አውርዱትና ማን እንደጮኸ ስሙን አንብቡ። የጮኸው ዲፌንደር ከሆነ ቤታው አልተመዘገበም፤ ወደ መጀመሪያው ችግር ተመለሱ።