ሲ. ኤለጋንስ ትሎችን ማዳቀል፦ ከድንኩ ሚውታንት እስከ 3 ለ 1

ሲ. ኤለጋንስ የምትባለው ድቡልቡል ትል አዋቂዋ 1 ሚሊሜትር ገደማ ናት፤ ገላዋ ብርሃን ያሳልፋል፣ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በ3 ቀን ተኩል ገደማ ለእንቁላል ትደርሳለች። አብዛኞቹ ፍናፍንት ሆነው ራሳቸውን በራሳቸው ያዳቅላሉ፤ ወንድ ከ1,000 አንድ ሁለት ቢገኝ ነው። ስለዚህ ከባዱ ነገር ከወንድ የተወለደውን ከራሷ ከተወለደው መለየት ነው።

ለልምምድ የዲፒዋይ-5 ሚውታንትን፣ ማለትም በዚህ ስም የሚጠራው ጂን የተለወጠበትን ድንክ ትል፣ ምረጡ። አጭርና ወፍራም ስለሆነ በማይክሮስኮፕ ወዲያው ይታወቃል፤ ባህርዩ ሪሴሲቭ በመሆኑም በአንድ ቅጂ ብቻ አይገለጥም። ድንኮቹ እናት ይሁኑ፣ ወንዶቹ መደበኛ፤ ያኔ ከራሷ የተወለደው ድንክ፣ ከወንዱ የተወለደው ግን መደበኛ መልክ ይኖረዋል። ድንክ ወንዶች በደንብ ስለማይገናኙ ግልባጩ አያዋጣም። ወንድ ከጠፋ አራተኛ (የመጨረሻ) የእጭነት ደረጃ የደረሱ መደበኛ እጮችን ለ6 ሰዓት 30 ዲግሪ ላይ አቆዩና ወደ 20 መልሱ፤ ከልጆቻቸው መካከል ጥቂት ወንዶች ይገኛሉ።

በትንሽ የአጋር (ትሎቹ የሚያድጉበት ጄል) ሳህን መሃል ምግባቸው የሆነውን የኦፒ50 ባክቴሪያ ጠብታ አድርቁ። ጠብታው ጠባብ ይሁን፤ ሰፊ ከሆነ ትሎቹ ተበታትነው አይገናኙም። የፕላቲኒየም ሽቦውን በእሳት አግሉት፣ ሲበርድ ጫፉን ባክቴሪያ አስነኩና ትሏን ከላይ አጣብቃችሁ አንሱ። አጋሩን ከቀደዳችሁት ትሎቹ ቀዳዳው ውስጥ ይገቡና ታጧቸዋላችሁ።

4 ድንክ እጮችና 8 ወጣት ወንዶች ይበቃሉ። እናቶቹ አራተኛ ደረጃ እጭ መሆን አለባቸው፤ አዋቂዋ የራሷን ዘር መጠቀም ጀምራለች። ምልክቱ ሆዷ መሃል ላይ የሚታይ ነጣ ያለ ግማሽ ጨረቃ ነው፣ መካከሉ ላይ ጥቁር ነጥብ አለው። ወንዱ ቀጠን ይላል፣ ጅራቱም እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ነው።

በማግስቱ እናቶቹን ብቻ ወደ አዲስ ሳህን አዛውሩ። ከ3 ቀን በኋላ መደበኛ መልክ ካላቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ ወንድ ከሆኑ ማዳቀሉ ሰምሯል። ሁሉም ድንክ ከሆኑ ወንዶቹ አልተገናኙም። መደበኛ ልጆች ኖረው ወንድ ከሌለ ግን በሽቦው ላይ መደበኛ ፍናፍንት አብራ እንደመጣች ጠርጥሩ። ወንዶቹ ልጆች ሁሉ ድንክ የሚሆኑት ሚውቴሽኑ (የጂኑ ለውጥ) ኤክስ በተባለው የጾታ ክሮሞዞም ላይ ሲሆን ነው፤ ዲፒዋይ-5 የሚገኘው ክሮሞዞም ቁጥር 1 ላይ ስለሆነ ይህ ከታየ የያዛችሁት ዝርያ ሌላ ነው።

ከመደበኞቹ ልጆች አራተኛ ደረጃ የደረሱ 4 ፍናፍንት እጮችን እያንዳንዳቸውን በየሳህናቸው ለዩ። አዋቂ ከወሰዳችሁ ከወንድሟ ጋር ተገናኝታ ሊሆን ይችላል፤ ልጆቿ ውስጥ ወንድ ከበዛ ያን ሳህን ተዉት።

የልጅ ልጆቹን ሲያድጉ ቁጠሩ፣ የቆጠራችሁትንም ከሳህኑ አውጡ። ከ200 ውስጥ 50 ያህል ድንክ ይጠበቃል፤ ይኸውም 3 መደበኛ ለ 1 ድንክ ነው። 40 ቢሆን የካይ-ስኩዌር (ቆጠራው ከሚጠበቀው ምን ያህል እንደራቀ የሚለካ ስሌት) ውጤቱ 2.67 ነው፤ ከተለመደው ወሰን ከ3.84 ስለሚያንስ ከ3 ለ 1 ጋር ይስማማል። 30 ከሆነ 10.67 ይወጣል፤ ያኔ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ያለጊዜው መቁጠር ነው፤ ትንንሽ እጮች ድንክነታቸው ገና በግልጽ አይታይም።