ቪሊው እንደገና ተዝለገለገ

ቪሊ የፊንላንድ እርጎ ነው። ደህና የረጋ ቪሊ ማንኪያውን እንደ ተልባ ውሃ እየተዝለገለገ ይከተለዋል፤ ላዩን ስስ ነጭ ሻጋታ ያለብሰዋል። ከቀድሞው እርሾ እየወሰድኩ የማረጋው የእኔው ግን እየዋለ እያደረ ዝልግልግነቱ ጠፋና አጓት የሚያቁር ተራ እርጎ ሆነ። ወተቱን ብጠረጥር፣ ብለውጠውም ያው ነው።

ነገሩ የሙቀት ነበር፤ ሳህኖቹ የሚያድሩት ከማሞቂያው አጠገብ ነው። ተራ እርጎ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይስማማዋል። ቪሊውን የሚያረጋው ላክቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ግን 20 ዲግሪ ይበቃዋል፤ ዝልግልጉን ነገር የሚሠራው እሱ ሲሆን፣ ሙቀት ሲደጋገምበት ችሎታውን ያጣል። ካጣው በኋላ ማቀዝቀዝ አይመልሰውም፤ እኔም ሳልለፋ አዲስ ቪሊ ገዛሁ።

ከአዲሱ አንድ ማንኪያ በሳህኑ ውስጥ ቀብቼ ወተት አፈሰስኩበትና ቀዝቀዝ ባለው ኮሪደር፣ 20 ዲግሪ ላይ፣ ሳልነካካው አንድ ቀን ያህል አቆየሁት። መነካካት የሚወድ ሰው ቪሊ ባይሞክር ይሻለዋል። የሸፈንኩት በስስ ጨርቅ ነው፤ ጥብቅ ክዳን አይሆንም፣ ጂኦትሪከም የሚባለው ሻጋታ አየር ይፈልጋልና። ረግቶ ሲዝለገለግ ወደ ማቀዝቀዣ ገባ። ከላዩ ወፍራም ስልባቦት የሚፈልግ ሰው ሆሞጂናይዝ ያልተደረገ፣ ማለትም ስቡ ከወተቱ ጋር እንዲዋሃድ ያልተደረገ፣ ወተት ይግዛ።