ኮምፒውተሩ «ቱቦው ልክ ነው» ሲል፦ ደጋግመን የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ማኪያቶ እየጠጣን አንድ ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማር ሐኪም) ጓደኛዬ ስልኩን አሳየኝ። የደረት ራጅ ነው። በታካሚዋ አፍ ወደ አየር ቧንቧ የገባው የመተንፈሻ ቱቦ ጫፍ ላይ ሶፍትዌር ያስቀመጠው ቀይ ነጥብ፣ ከሥሩ «4.2 ሴ.ሜ» የሚል ጽሑፍ አለ። «አየህ፣ ራዲዮሎጂስት ሳንጠብቅ!» አለኝ፤ ራጅ የሚያነበውን ሐኪም ማለቱ ነው። እኔ ራጅ የማነሳ ባለሙያ ነኝ። መጀመሪያ ዓይኔ የገባው ቁጥሩ ሳይሆን የመስኮቱ ፍሬም ነው። ፊልሙን መስታወት ላይ ለጥፎ በስልክ ነው ያነሳው።

ከዚሁ ልጀምር። ሶፍትዌሩ የቱቦውን ጫፍ ይፈልጋል። ከዚያ የአየር ቧንቧው ለሁለት የሚከፈልበትን ቦታ፣ ካሪና የምንለውን፣ ይፈልግና በመካከላቸው ያለውን ርቀት ይለካል። ጂኢ ሄልዝኬር በ2020 እ.ኤ.አ. ተንቀሳቃሽ ራጅ ማሽን ላይ ይዞት የመጣው ይሄንኑ ነው። ርቀቱን በሴንቲ ሜትር የሚያውቀው ግን ከማሽኑ በሚወጣው ዳይኮም የሚባል የምስል ፋይል ውስጥ አንድ ፒክስል ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ስለተጻፈ ነው። በስልክ ስታነሱት ይሄ መረጃ ይጠፋል። ስልኩን ትንሽ ካዘነበላችሁት ደግሞ ምስሉ ራሱ ይጣመማል። ታዲያ 4.2ን ከየት አመጣው? ገምቶ ነዋ! በዚያ ላይ የታካሚዋ ስም ከነካርድ ቁጥሯ ጥግ ላይ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ይሄን ስነግረው ስልኩን ቶሎ ኪሱ ከተተ።

ሁለተኛው ስህተት አንገትን መርሳት ነው። የቱቦው ጫፍ አገጭን ይከተላል። አዋቂ ሰው ራሱ ቀጥ ብሎ ሲተኛ ጫፉ ከካሪና በላይ ከ3 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። አገጩ ወደ ደረቱ ሲወርድ ጫፉም 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ቀና ሲል ደግሞ ያን ያህል ይወጣል።

አንድ አዳር ተረኛ ሆኜ ማሽኑን እየገፋሁ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገባሁ። ቤተሰብ ያመጣው ጋቢ ተጣጥፎ ትራስ ሆኗል። የሰውየው አገጭ ደረቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ላነሳ ስል ሲስተር «ኧረ ቆይ!» ብላ ጋቢውን ሳበችው። ባትስበው ኖሮ ሶፍትዌሩ 2.5 ይል ነበር እንበል። አንዱ ተነስቶ ቱቦውን 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ይስባል። ጠዋት ጋቢው ሲነሳ 6.5 ይሆናል፤ ሰውየው ቀና ካለ 8.5። ከዚያ በኋላ አንድ ሳል ይበቃዋል፣ ቱቦው ይወጣል። ኮምፒውተሩ አላጠፋም፤ ያሳዩትን ነው የለካው።

ከሁሉም አደገኛው ግን ሌላ ነው። ቱቦው አየር ቧንቧ ውስጥ ይሁን ምግብ ቧንቧ ውስጥ ለማወቅ ራጅ መጠበቅ። ከፊት በሚነሳ ራጅ ላይ ሁለቱ ቧንቧዎች ይደራረባሉ። የተሳሳተ ቦታ የገባ ቱቦ ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል፣ ለሰውም ለሶፍትዌርም። ይሄን የሚመልሰው ካፕኖግራፍ ነው፤ በየትንፋሹ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞኒተር ላይ ያሳያል። የራጅ ሥራ ጥልቀቱን መንገር ነው። እኔ ማሽኑን እስካመጣ ያለ ኦክስጅን የሚቆይ አንጎል የለም።

ደግሞ ሶፍትዌሩ ምልክት ያደረገበትን ብቻ አይቶ መዝጋት አለ። ቱቦ ከመጠን በላይ ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው፤ ብሮንከስ የምንለው ወደ ሳንባ የሚገባው ቅርንጫፍ የቀኙ ሰፋ ያለና ቀጥ ያለ ስለሆነ። ያኔ ግራው ሳንባ አየር አጥቶ ይኮማተራል። ሶፍትዌሩ ጫፉን ቢስትም ራጁ ላይ የነጣው ግራ ሳንባ ይነግራችኋል፣ ካያችሁት። የምግብ ቱቦና የኢሲጂ (የልብ መከታተያ) ሽቦም ሶፍትዌሩን ያደናግሩታል። ሽቦውን ወደ ጎን ማድረግ የእኛ የራጅ ባለሙያዎች ሥራ ነው፤ ስንቸኩል እንተወዋለን፣ አልዋሽም።

ሕፃናት ላይ የአዋቂውን ልክ መጠቀም ጭራሽ አይሆንም። አራስ ልጅ የአየር ቧንቧው ርዝመት በሙሉ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።

የመጨረሻው፣ የጠዋቱን ራጅ ማታ ማመን። ታካሚው ይገላበጣል፣ ይታጠባል፣ ለሲቲ ስካን በሊፍት ይወርዳል። ቱቦው ላይ የታተመውን የሴንቲ ሜትር ቁጥር ጥርስ ጋ አንብቦ መጻፍ ምንም አያስከፍልም። ብዙ ጊዜ ሴት 21፣ ወንድ 23 አካባቢ ነው።

ጓደኛዬን ጠየቅሁት፦ «ያቺ ታካሚህ ጥርሷ ጋ ስንት ላይ ነው?»

አላወቀም። ደወለ። «ሃያ ስንት?» አለ፣ ዝም ብሎ አዳመጠ፣ ዘጋው።

«ሃያ አምስት» አለኝ። ማኪያቶውን ሳይጨርስ ታክሲ ፍለጋ ወደ ጊዮርጊስ በኩል ሮጠ።