የጀርባ ውሃ ከረጢታችሁ እንዳይሻግት

እንጦጦ ወይም ሰሜን ተራሮች ስትወጡ በጀርባ ይዛችሁት በቱቦ የምትጠጡበት የውሃ ከረጢት ከሳምንት በኋላ ስትከፍቱት ይሸታል? ቱቦው ውስጥስ ጥቁር ነጠብጣብ ይታያል? ብዙ ጊዜ ችግሩ አለመድረቁ ነው። ከረጢቱ ባዶ ሲሆን ግድግዳው እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ጠባቡ ቱቦ ውስጥ ደግሞ አየር እንደልቡ አይዘዋወርም፣ ስለዚህ የቀረችው ጥቂት እርጥበት ለሻጋታ ትበቃዋለች።

መላው ፍሪዘር ነው። ቤት እንደገባችሁ ለብ ባለ ውሃና በትንሽ የዕቃ ሳሙና እጠቡት። በደንብ አለቅልቁት። ቱቦውን ነቅላችሁ፣ አንዱን ጫፍ ይዛችሁ፣ ውሃው ተፈናጥሮ እስኪያልቅ እንደ ወንጭፍ አሽከርክሩት (ደጅ ብትሆኑ ይሻላል)። ከዚያ ሁሉንም ንጹህ ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ እስከሚቀጥለው ጉዞ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። ቅዝቃዜው ሻጋታና ባክቴሪያ እንዳይራባ ያደርጋል፤ ግን ሁሉንም አይገድልም፣ ስለዚህ ሳይታጠብ የገባ ከረጢት ሲወጣም ያው ቆሻሻ ነው። ስታወጡት ፕላስቲኩ እስኪለሰልስ ጠብቁ፣ ወዲያው ካጣጠፋችሁት ሊሰነጠቅ ይችላል።

መብራት ቶሎ ቶሎ የሚጠፋበት ሰፈር ከሆናችሁ ግን ይህን አትሞክሩ። ግድግዳው እንዳይጣበቅ ንጹህ ጭልፋ ውስጡ አስገቡና አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ አየር ያለበት ቦታ ስቀሉት። ጁስ ወይም ስኳር ያለው መጠጥም አትጨምሩበት፣ ስኳሩ የሻጋታ ቀለብ ነው። የምትነክሱት የጎማ ጫፍ ጥቁረቱ በማጠብ ካልለቀቀ ደግሞ ለውጡት፤ አፋችሁ ውስጥ የሚገባው እሱ ነው።