ጠዋት ቡናን በእንጉዳይ መጠጥ ለመተካት ላሰባችሁ

ቡናን ድንገት አቁሞ ወደ እንጉዳይ መጠጥ የሚዞር ሰው ብዙ ጊዜ በማግስቱ ራሱን ያመዋል፤ ጥፋቱንም በእንጉዳዩ ላይ ያላክካል። ችግሩ ግን የካፌይን መጉደል ነው፤ ለዚህ መጠጥ የሚውሉት የእንጉዳይ ዓይነቶች፣ ቻጋም ሆነ ሬሺ፣ ካፌይን የላቸውም።

ስለዚህ ከለመዳችሁት የቡና ዱቄት ሩቡን ብቻ ቀንሱና በምትኩ አንድ የሻይ ማንኪያ የእንጉዳይ ዱቄት አድርጉ። ከዚያ በየጥቂት ቀኑ ቡናውን እያሳነሱ መሄድ ነው። ካፌይን፣ አዴኖሲን የተባለው የድካም መልእክት አንጎል ውስጥ ቦታውን እንዳይዝ ይከለክላል፤ መጠኑ ቀስ እያለ ሲወርድ አንጎል ለመላመድ ጊዜ ያገኛል።

ዱቄቱ ተፈጭቶ ብቻ የተሸጠ ከሆነ በሙቅ ውሃ መበጥበጥ አይበቃም። የእንጉዳይ የሕዋስ ግድግዳ ካይቲን የተባለ ጠንካራ ነገር ስላለበት፣ በለስላሳ እሳት 20 ደቂቃ ያህል ይንተክተክ፤ ውሃው ጠቆር ብሎ የእርጥብ አፈር ሽታ ሲሰጥ አውጡት። በእርግጥ እንጉዳዩ ኃይል ይሰጣል የሚለው ማስታወቂያ ከማስረጃው ቀድሞ ሄዷል። እኔ የምመክረው ካፌይን መቀነስ ለሌሊት እንቅልፍ ስለሚበጅ ነው።

ቻጋ ኦክሳሌት የተባለው ለኩላሊት ጠጠር የሚዳርግ ንጥረ ነገር ስለሚበዛበት የኩላሊት ሕመም ወይም ጠጠር ያለባችሁ ተዉት። የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የምትወስዱም ሐኪም ሳታማክሩ ሬሺን አትጀምሩ።