ጊት ተገነባ፣ ክሎን ግን እምቢ አለ

ጊትን፣ ማለትም የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበውን ፕሮግራም፣ ከሶርስ ኮድ መገንባት ያን ያህል ከባድ አይደለም። በሲ የተጻፈ ነው፣ ደህና ላፕቶፕ ላይ ቡናው ተፈልቶ አቦል ሳይቀዳ ያልቃል። ግን ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ስልኬ ከጮኸና ጉዳዩ ጊት ከሆነ፣ ዘጠና በመቶው ያው አንድ ነገር ነው፦ ጊት ተገንብቶ ክሎን (ፕሮጀክትን ከኢንተርኔት መቅዳት) እምቢ ይላል። ስለዚህ እሱ ላይ እቆያለሁ፣ ሌላውን ሮጥ ሮጥ እያልኩ አልፋለሁ። ጂሲሲ (ኮምፓይለሩ) እና ሜክ (ግንባታውን የሚመራው) እንዳሏችሁ፣ ዲስካችሁም እንዳልሞላ አይታችኋል ብዬ ነው የምነሳው።

መጀመሪያ ጥቃቅኖቹ። «ዚሊብ.ኤች የለም» ብሎ ከቆመ ዚሊብ1ጂ-ዴቭን ጫኑ፣ አለቀ። «ኤምኤስጂኤፍኤምቲ አልተገኘም» ካለ ጌትቴክስትን ጫኑ፣ ወይም ትርጉም ካላስፈለጋችሁ ሜክ ስትሉ ኖ_ጌትቴክስት=1 ጨምሩበት። ታር፣ የታሸገው የሶርስ ፋይል፣ ሲፈታ መሃል ላይ አለቀ ካላችሁ ኔትወርክ ቆርጦባችኋል፤ በደብልዩጌት ሰረዝ ሲ ካቆመበት ቀጥሉት። ኔታችሁ የሚቆራረጥ ከሆነ ደግሞ ሶርሱን በክሎን አታውርዱ፣ ክሎን ካቆመበት መቀጠል አይችልም። ከዜሮ ነው የሚጀምራችሁ።

አሁን ወደ ዋናው።

ምልክቱ፦ ግንባታው ያለ አንድ ኤረር አለቀ። ጊት አዲሱን ቨርዥን በኩራት ይናገራል። ኮሚት ይሰራል፣ ብራንች ይሰራል። ክሎን ስትሉት ግን «አንኤብል ቱ ፋይንድ ሪሞት ሄልፐር ፎር ኤችቲቲፒኤስ» ብሎ ቁጭ ይላል። በኤስኤስኤች፣ በሌላኛው የመገናኛ መንገድ፣ የሚሰራ ሰው ደግሞ ሳምንት ሙሉ ላያየው ይችላል፣ ከዚያ አንድ ቀን የኤችቲቲፒኤስ ሊንክ ይሰጠውና «ትናንት ይሰራ ነበር» ይላል። አልሰራም ነበር።

ምክንያቱ፦ ዋናው የጊት ፕሮግራም ብቻውን ኤችቲቲፒኤስ አያውቅም። ያን ስራ ጊት-ሪሞት-ኤችቲቲፒኤስ ለሚባል ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ነው የሚሰጠው፣ ይሄኛው ደግሞ ያለ ሊብከርል (የከርል ላይብረሪ) አይገነባም። ኮንፊገር፣ ከሜክ በፊት ማሽኑ ላይ ያለውን የሚያጣራው ስክሪፕት፣ የሊብከርልን የግንባታ ፋይሎች ካላገኘ አይጮህም፣ አይቆምም። ከሚንጋጋው መስመር መሃል አንዲት «ኖ» ጽፎ ዝም ብሎ ያልፋል። እንዲያውም ኮንፊገርን ሳይነካ በቀጥታ ሜክ ያለ ሰው ዕድለኛ ነው፣ «ከርል.ኤች የለም» ብሎ ፊት ለፊት ይቆምለታል።

እዚህ ላይ ሁሉም የሚለኝ አንድ ነው። «ከርል እኮ አለኝ፣ ተርሚናል ላይ ይሰራል!» አዎ ይሰራል። ቤት ውስጥ እንጀራ አለ ማለት ግን ምጣድ አለ ማለት አይደለም። ለመገንባት የምትፈልጉት ሄደሮቹን፣ እንደ ከርል.ኤች ያሉትን የግንባታ ፋይሎች፣ ነው፣ እነሱ ደግሞ በሌላ ፓኬጅ ነው የሚመጡት፦ ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ ሊብከርል4-ኦፕንኤስኤስኤል-ዴቭ፣ ፌዶራ ላይ ሊብከርል-ዴቭል።

ፓኬጁን ጫናችሁ እንበል። ሜክ አላችሁ። አሁንም ክሎን አይሰራም። ሰው ማሽኑን ፎርማት ማድረግ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው፣ እውነቴን ነው፣ አንድ ልጅ ለዚህ ብሎ ኡቡንቱውን ሁለቴ አጥፍቶ ጭኖታል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ኮንፊገር ያኔ ያየውን ኮንፊግ.ማክ.ኦቶጄን የሚባል ፋይል ውስጥ ጽፎ አስቀምጦታል። ክፈቱትና እዩ። ኖ_ከርል=የስፕሊዝ የምትል መስመር ቁጭ ብላለች። «እባክህ አዎ፣ ከርል አይኑር» ነው የምትለው፣ በትህትና። ሜክ በየዙሩ ይህን ፋይል ያነባል፤ ሜክ ክሊን ብትሉም አይጠፋም።

መፍትሄው፦ ያን ፋይል አጥፉት፣ ኮንፊገርን እንደገና አስኪዱት (በፊት ፕሪፊክስ፣ ማለትም የሚጫንበትን ፎልደር፣ ሰጥታችሁት ከነበረ ያንኑ ስጡት)፣ ከዚያ ሜክ። ኮንፊገር ሲሄድ ከርል የምትለዋን መስመር በዓይናችሁ ፈልጉ፣ «የስ» ካላለች አትቀጥሉ። ሜክ ሲያልቅም ከመጫናችሁ በፊት ኤልኤስ በሉና ጊት-ሪሞት-ኤችቲቲፒኤስ የሚል ፋይል መኖሩን እዩ። አለ? ጫኑት። የለም? አትጫኑት!

ሜክ ዲስትክሊን ይሻለኛል የምትሉ፣ ተጠንቀቁ። እሱ ኮንፊግ.ማክ.ኦቶጄንን ብቻ ሳይሆን ኮንፊገርን ራሱን ያጠፋዋል። ከዚያ ሜክ ኮንፊገር ብላችሁ መልሳችሁ ልትሰሩት ነው፣ ለዚያ ደግሞ ኦቶኮንፍ ያስፈልጋል። አንድ ችግር ይዛችሁ ገብታችሁ በሁለት ትወጣላችሁ።

ሌላ ማስጠንቀቂያ። ከድሮው ጊት ሪሞት-ኤችቲቲፒኤስን ኮፒ አድርጎ አዲሱ ፎልደር ውስጥ የሚለጥፍ ሰው አጋጥሞኛል። «ሰራ እኮ!» አለኝ። ሰርቷል፣ ግን የሁለት ቨርዥን ቅልቅል ይዛችሁ አንድ ቀን ሲበላሽ ለእኔ አትደውሉ። አዲሱ በትክክል ክሎን ሳያደርግ ከፓኬጅ የተጫነውን የድሮውን ጊትም አታራግፉ።

ይሄው ምልክት ከርል ሳይጎድልም ይመጣል። አንዱ የሰራውን ጊት ለጓደኛው በፍላሽ ሰጠው፤ የሰጠው ግን ጊት የምትለዋን አንድ ፋይል ብቻ ነው። ረዳቶቹ ያሉት ሌላ ፎልደር ውስጥ ነው። ጊት ሰረዝ ሰረዝ ኤግዜክ-ፓዝ ብትሉት የት እንደሚፈልጋቸው ይነግራችኋል። ጓደኛው ማሽን ላይ ያ ፎልደር ጭራሽ የለም።

ጭናችሁ አሁንም የድሮው ቨርዥን ከመጣ ባሽ የድሮውን መንገድ አስታውሶ ነው፤ ሃሽ ሰረዝ አር በሉት። አዲሱ ጭራሽ ካልተገኘ ፕሪፊክሱን እዩ። ያለ ኮንፊገርና ያለ ፕሪፊክስ ከሰራችሁት ጊት የሚጫነው የራሳችሁ ሆም ውስጥ ባለው ቢን ነው።

ግንባታው መሃል «ኪልድ» ብሎ ከሞተ ራም አልቋል። ሜክ ሰረዝ ጄ ብላችሁ ቁጥር ሳትሰጡት ትታችሁታል አይደል? ገደብ የለውም፣ የቻለውን ያህል ስራ አንዴ ይከፍታል። ሰረዝ ጄ2 ይበቃል።

የመጨረሻው «ክሎክ ስኪው ዲቴክትድ» ነው። ያገለገሉ ዴስክቶፖች ላይ በብዛት አየዋለሁ፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰዓታቸው ዓመታት ወደ ኋላ ይሄዳል። ያኔ ሶርሱ ከወደፊት የመጣ ይመስላል፣ ሜክም ያንኑ ፋይል ደጋግሞ ይሰራል። ፓኬጅ ጫኙ አፕትም ሪሊስ ፋይሉ ገና ጊዜው አልደረሰም ብሎ እምቢ ይላል፣ ሰርተፊኬቶችም እንዲሁ። አንዱን ሰዓቱን አስተካክል ብዬው ዓመተ ምህረቱን በእኛ አቆጣጠር ሞላው፣ ሰዓቱንም በእኛ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስንፈልግ ቆየን። በፈረንጅ ነው የሚሞላው፣ ከዚያ ሜክ ክሊን ብላችሁ እንደገና ገንቡ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሲአር2032 ባትሪም ቀይሩ፣ ካለዚያ ነገ መብራት ሲጠፋ ያው ነው።