በስክሪን ሴቨር የሚመጣው ሰዓት ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ስክሪን ሴቨር ኮምፒውተሩ ሳይነካ ሲቆይ ስክሪኑ ላይ የሚነሳው ምስል ነው። በዊንዶውስ ላይ የስክሪን ሴቨር ፋይል የስሙ መጨረሻ «ኤስሲአር» (.scr) ይሁን እንጂ እንደማንኛውም ፕሮግራም የሚሠራ ሙሉ ፕሮግራም ነው። የሚንቀሳቀሰው ሰዓትም እንዲሁ ነው፦ ቦታ ይፈልጋል፣ አጠገቡ ያሉ ፋይሎችን ይፈልጋል፣ ቫይረስም ሊይዝ ይችላል። ይህ ስለሚዘነጋ ነው ከታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ የሚመጡት።

ሰዓቱ ለጥቂት ቀናት ሠርቶ ይጠፋል፤ ምርጫው «ነን» (None) ላይ ተመልሶ ይገኛል

ደጋግሞ የሚያጋጥመው ይሄ ነው። ፋይሉን በራይት ክሊክ «ኢንስቶል» ስትሉት ዊንዶውስ ወደ ሌላ ቦታ አይገለብጠውም። ፋይሉ በዚያች ደቂቃ የተቀመጠበትን አድራሻ መዝግቦ ብቻ ያልፋል። ፋይሉ ዳውንሎድስ ውስጥ ከነበረ፣ ዳውንሎድስን ያጸዳችሁ ቀን ሰዓቱም አብሮ ይሄዳል። የስሕተት መልእክት የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም፤ ስክሪኑ ዝም ይላል።

ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ሬጅስትሪ ኤዲተርን (regedit፣ የዊንዶውስ ውስጣዊ ምርጫዎች የሚታዩበትን መሣሪያ) ክፈቱና ካረንት ዩዘር (HKEY_CURRENT_USER)፣ ከዚያ ኮንትሮል ፓነል፣ ከዚያ ዴስክቶፕ ግቡ። በቀኝ በኩል «ስክረንሴቭ ነጥብ ኢኤክስኢ» (SCRNSAVE.EXE) የሚል መስመር አለ። ከፊት ለፊቱ የተጻፈው አድራሻ ፋይሉ አሁን በእርግጥ ያለበት ቦታ ነው? ካልሆነ ችግሩ እዚያው ነው። አድራሻው በሲ ሳይሆን በኢ ወይም በኤፍ ከጀመረ፣ ሰዓቱ የተጫነው በቀጥታ ከፍላሽ ዲስክ ላይ ሊሆን ይችላል። ፍላሹ ሲነቀል ሰዓቱ ይሞታል። ይባስ ብሎ ፍላሹ ተመልሶ ቢሰካም ዊንዶውስ ሌላ ፊደል ሊሰጠው ስለሚችል ሰዓቱ አንድ ቀን መጥቶ አንድ ቀን ይቀራል። ይህን አይተው ራምና ሃርድ ዲስክ እስከማስቀየር የሚደርሱ አሉ፤ የተሳሳተው ግን አንዲት ፊደል ናት።

መፍትሄው እንዲህ ነው፦

1. ሲ ድራይቭ ላይ አጭር ስም ያለው፣ በስሙ መሃል ክፍት ቦታ የሌለበት ፎልደር ክፈቱ።
2. ሰዓቱ የወረደበትን ዚፕ ፋይል በሙሉ ኤክስትራክት አድርጋችሁ (ፈትታችሁ) ያለውን ሁሉ እዚያ አስገቡ። ኤስሲአሩን ብቻ መርጣችሁ አታውጡ።
3. ከአዲሱ ፎልደር ውስጥ ኤስሲአሩን ራይት ክሊክ፣ ኢንስቶል።
4. ዳውንሎድስ ውስጥ የቀረውን አሮጌ ቅጂ አጥፉ። ሁለት ቅጂ ካለ አንዱን ታስተካክላላችሁ፣ የሚነሳው ግን ሌላው ይሆናል።
5. ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጋችሁ ሙሉ የመጠበቂያ ደቂቃውን ታገሡ። «ፕሪቪው» ላይ መሥራቱ ማረጋገጫ አይሆንም።

ሁለተኛው ነጥብ ላይ ልድገመው፣ ምክንያቱም የሚሰማ የለም። ዘንጎቹ እየዞሩ የሰዓቱ ፊት ባዶ ከሆነ፣ ወይም ቁጥሮቹ በማይመስል ፊደል ከመጡ፣ የምስልና የፎንት ፋይሎቹ ዚፑ ውስጥ ቀርተዋል ማለት ነው። ፎንቱን ለብቻው ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ጫኑት፤ ምስሎቹን ደግሞ ከኤስሲአሩ ጎን መልሱ።

ሌላም ወጥመድ አለ። ከዝርዝሩ ሌላ ስክሪን ሴቨር ለሙከራ መርጣችሁ «አፕላይ» ካላችሁ፣ በራሳችሁ ፎልደር ያለው ሰዓት ከዝርዝሩ ሊጠፋ ይችላል። አልተሰረዘም። ወደ ፎልደሩ ሄዳችሁ እንደገና ኢንስቶል በሉት።

ጭራሽ አይነሳም፣ ስክሪኑ ጨልሞ ይቀራል

ፓወር ሴቲንግ ላይ ስክሪኑ በ5 ደቂቃ እንዲጠፋ ታዟል፣ ሰዓቱ ደግሞ በ10 ደቂቃ እንዲነሳ። ታዲያ መቼ ይታይ? የስክሪን መጥፊያውን ከሰዓቱ መነሻ ረዘም አድርጉት። ላፕቶፕ ላይ በባትሪና በቻርጀር ሁለት የተለያየ ቁጥር እንዳለ አትርሱ።

አይነሳም፣ ስክሪኑም አይጠፋም

አንድ ነገር ኮምፒውተሩን አላስተኛ ብሎታል። ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ከፍታችሁ «ፓወርሲኤፍጂ» ብላችሁ፣ ክፍት ቦታ ትታችሁ፣ «ስላሽ ሪኩዌስትስ» ጻፉ (powercfg /requests)። «ዲስፕሌይ» በሚለው ሥር የብራውዘር ወይም የቪዲዮ ማጫወቻ ስም ካለ ጥፋተኛው እሱ ነው፤ ዝጉት። ሁሉም ቦታ ባዶ ከሆነ ማውሱን ነቅላችሁ ጠብቁ። በሚያብረቀርቅ ጠረጴዛ ወይም በመስታወት ላይ የተቀመጠ ርካሽ ኦፕቲካል ማውስ ማንም ሳይነካው ጠቋሚው ይንቀጠቀጣል፣ ቆጠራውም በየጊዜው ከዜሮ ይጀምራል።

የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ምርጫው ደብዝዞ አልነካ ካለ በአስተዳዳሪው ተቆልፏል፤ እሱን ጠይቁ።

ሰዓቱ ሲነሳ ባዶ ጥቁር ወይም ነጭ ስክሪን ብቻ ይመጣል

አሮጌ ሰዓት ነው፤ የተሠራው በአዶቢ ፍላሽ ነው፤ ይህ ቀድሞ አኒሜሽን ለማጫወት ያገለግል የነበረ ፕሮግራም እንጂ የሚሰካው ፍላሽ ዲስክ አይደለም። አዶቢ ፍላሽን መደገፍ ያቆመው በፈረንጆች ዲሴምበር 31 ቀን 2020 ሲሆን ከጃንዋሪ 12 ቀን 2021 ጀምሮ ማጫወቻው ራሱ ይዘቱን ማሳየት አቁሟል። የሚጠገን ነገር የለውም። ፍላሽ የማይፈልግ አዲስ እትም ካለው እሱን አውርዱ፣ ከሌለው ሌላ ሰዓት ፈልጉ። «ፍላሽን እንመልስላችሁ» ከሚሉ ገጾች ምንም ነገር አታውርዱ። ምንም! ከእነዚያ ገጾች የሚወርደው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ማስታወቂያ የሚያራግፍ ወይም የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ነው። በኢሜይል የመጣ ኤስሲአር ፋይልንም አትክፈቱ፤ ዊንዶውስ የፋይል መጨረሻዎችን ስለሚደብቅ ፎቶ መስሎ ሊመጣ ይችላል።

ሁለት ስክሪን ላይ አንዱ ሰዓት ጥግ ላይ ተጨምቆ ወይም ተቆርጦ ይታያል

አንዱ ስክሪን 100 በመቶ፣ ሌላው 150 በመቶ ስኬል (የማጉያ መጠን) ላይ ነው። ኤስሲአሩን ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ኮምፓቲቢሊቲ፣ ቼንጅ ሃይ ዲፒአይ ሴቲንግስ። ከታች ያለውን «ኦቨርራይድ» ምልክት አድርጉና «አፕሊኬሽን» ምረጡ።

የሰከንዱ ዘንግ እየዘለለ ይሄዳል፣ ፋኑም ይጮኻል

ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ዲስፕሌይ አዳፕተር ላይ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ካለ የግራፊክስ ድራይቨሩ አልተጫነም። መጀመሪያ እሱ። ከዚያ በኋላም ካልተስተካከለ በሰዓቱ ሴቲንግ ውስጥ ዘንጉ ሳይቋረጥ እንዲንሸራተት የሚያደርገውን ምርጫ አጥፍታችሁ በሰከንድ አንዴ እንዲዘል አድርጉት፤ ኮምፒውተሩ በጣም ይቀለዋል።

ሰዓቱ የተሳሳተ ሰዓት ያሳያል

ሰዓቱ የሚያነበው የኮምፒውተሩን ሰዓት ነው፣ ራሱ አይቆጥርም። ልዩነቱ ድፍን ሰዓታት ከሆነ ታይም ዞኑን እዩ። በተዘጋ ቁጥር ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ የማዘርቦርዱን ሲአር2032 ባትሪ ቀይሩ። ሊኑክስም አብሮ የተጫነበት ከሆነ ሁለቱ ሲስተሞች የማዘርቦርዱን ሰዓት በተለያየ መንገድ ስለሚያነቡ ነው፤ ሊኑክሱ ላይ «ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ሎካል-አርቲሲ 1» (timedatectl set-local-rtc 1) ብላችሁ አስማሙት።

ቀለሙንና መጠኑን ብቀይርም አይቀመጥም

አንዳንድ ባለ 32 ቢት አሮጌ ሰዓቶች ምርጫችሁን የሚጽፉት ከጎናቸው ባለ ትንሽ ፋይል ላይ ነው። ሰዓቱን ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ካስገባችሁት መጻፍ ስለማይፈቀድለት ዊንዶውስ ጽሑፉን «ቨርቹዋል ስቶር» ወደሚባል ሌላ ፎልደር ይልከዋል። አንዴ በአድሚኒስትሬተር፣ አንዴ በራሳችሁ አካውንት ካስተካከላችሁት ሁለት የተለያየ ምርጫ ይኖራችኋል። ከላይ ወዳልኩት የራሱ ፎልደር አዛውሩትና በምትሠሩበት አካውንት ብቻ አስተካክሉ።

ማክ ላይ ሰዓቱ ከጠፋ በኋላም ማሽኑ ይግላል

ከማክኦኤስ ሶኖማ ወዲህ «ሌጋሲስክሪንሴቨር» (legacyScreenSaver) የሚባለው ከበስተጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም ስክሪን ሴቨሩ ከተዘጋ በኋላም ላይቆም ይችላል። አክቲቪቲ ሞኒተር ከፍታችሁ «ፎርስ ክዊት» በሉት።

ኦሌድ (OLED) ስክሪን ያላችሁ ደግሞ ደማቅ ቁጥር መሃል ላይ ተተክሎ የሚቆም ሰዓት አትጠቀሙ። ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ ጠባሳ ይተዋል፣ ጠባሳው ደግሞ በሴቲንግ አይለቅም። በየደቂቃው ቦታ የሚቀይር ሰዓት ምረጡ፣ ብርሃኑን ቀንሱ፣ ከ10 ወይም 15 ደቂቃ በኋላም ስክሪኑ እንዲጠፋ አድርጉ።